አራት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን እዚህ

በክር ፋብሪካው ውስጥ ሰውየውን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነበር። ለቀረው ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «እዚያማ» ነው። ስሙን ያወጣለት የፈትል ክፍሉ ካቦ ነው፤ ያለ ምክንያትም አላወጣለትም። መብራት ሲጠፋና ማሽኖቹ እያቃሰቱ ሲቆሙ፣ ሰውየው ግሪስ የነካውን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እዚያማ በዓመት ሁለቴ ቢጠፋ ነው» ይላል። የሠራተኞች አውቶቡስ ሲዘገይ «እዚያማ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በአውቶቡሱ ነው» ይላል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ፉጨት ብቻ ሲያወጣ፣ ሐኪም ቤት የሄደ ባልደረባ ካርድ ሳያወጣ ሲመለስ፣ እዚያማ፣ እዚያማ። ሰዉ መጀመሪያ ሰማው፣ ቀጥሎ ሳቀበት፣ በመጨረሻ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

«እዚያ እንዲህ ገነት ከሆነ ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?» ይላል ካቦው፣ እሱ እየሰማ፣ ለሌላ ሰው የሚናገር መስሎ።

መልስ ነበረው። ግን የጥገና ክፍል በር ላይ ቆመው የሚናገሩት ዓይነት መልስ አልነበረም።

ሰው ሲሰደድ ወጉ ወደ ሀብታም አገር ነው። እሱ ግን ከድሃ አገር ተነሥቶ ድሃ አገር ነው የሄደው፤ ዘመዶቹም «ከድጡ ወደ ማጡ» ብለው ሸኙት። ያኔ ሁለቱ አገሮች እኩያ ነበሩ፤ ሁለቱም አቧራ፣ ሁለቱም ወረፋ። ልዩነቱ እዚያ አዲስ ክር ፋብሪካ ተከፍቶ ባለሙያ መታጣቱ፣ እዚህ ደግሞ ባለሙያ ሞልቶ ፋብሪካው በሳምንት ሦስት ቀን መዘጋቱ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ነበር። የአራት ዓመት ሴት ልጁን ለታላቅ እህቱ ሰጥቶ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብሎ ሄደ። ሁለቱ ዓመት ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። እንዴት ሆነ ቢሉት እሱም አያውቀውም፤ የልጅቷ ትምህርት፣ የእህቱ የቤት ኪራይ፣ «ይችን ዓመት ልጨርስ»፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጸጉሩ ሸበተ።

በእነዚያ ዓመታት አንድ አገር ከድህነት ሲወጣ ከአንዲት የኪራይ ክፍል መስኮት ሆኖ ተመለከተ። መጀመሪያ አስፋልት መጣ። ቀጥሎ ውሃው በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ቀጥሎ በየቤቱ ማቀዝቀዣ ገባ። ማቀዝቀዣ ሲገባ ሴቶቹ ሽንኩርትና ዘይት መበዳደር ተዉ፤ መበዳደሩ ሲቀር በር ማንኳኳቱም ቀረ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያወሩ የነበሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉት። ልጆቹ ግን ሁሉም ጫማ ነበራቸው። ይህንን ሳይናገር አያልፍም፤ ሁሉም ጫማ ነበራቸው።

እዚያ ሳለ ደግሞ አፉ ላይ የነበረው ሌላ ነበር። «እኛ ጋ እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል፤ እኛ ጋ የታመመ ሰው ብቻውን አያድርም፤ እኛ ጋ ሰው ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም።» ባልደረቦቹ ሰለቻቸውና በራሳቸው ቋንቋ «እኛ ጋ» የሚል ስም አወጡለት። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ቅጽል ስም፤ በሽታው ግን ያው አንድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። እሱ ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱም ዛፍ ላይ የሚያናግረው ወፍ አላገኘም እንጂ።

የተመለሰበት መንገድ ራሱ ያስቃል። የዚያ አገር ፋብሪካ አዳዲስ ማሽን ገዛና አሮጌዎቹን ለዚህ አገር ፋብሪካ ሸጠ። የማሽኖቹን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ተፈለገ፤ ከእሱ በላይ የሚያውቃቸው አልነበረም። ዐሥራ ሁለት ማጠንጠኛ ማሽንና አንድ ሰው አብረው መጡ። ካቦው ይህንን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ፤ «አሃ! አንተ ለካ ከማሽኑ ጋር የመጣህ መለዋወጫ ነህ!»

መለዋወጫው የመጣው ለልጁ ብሎ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷ በልጦት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ በጨዋ ደንብ ጎንበስ ብላ «እንኳን ደህና መጡ» አለችው። መጡ! አክስቷን «አንቺ» ትላታለች፤ ትጨቃጨቃታለች፣ ትስቅባታለች፣ ፎጣ ትወረውርባታለች። አባቷን ግን «እርስዎ» ትለዋለች። በልጅነቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ለእረፍት መጥቶ ስላየችው፣ ከማታውቀው ትልቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ይኸው ነው ብላ ያዘችው። ጥፋት የለባትም፤ አከበረችው እንጂ አልናቀችውም። እሱ ግን ያቺን «እርስዎ» በሰማት ቁጥር በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ እንዲጠብቅ የተነገረው እንግዳ ይሆናል። በመጣ በዓመቱ እህቱ ሞተች። አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ፤ «እርስዎ»ዋም አብራቸው ቀረች።

የሚኖረው በአንድ ፎቅ ቤት ሁለተኛ ደርብ ላይ፣ ረጅም ኮሪደር ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ነው። ውሃው ከኮሪደሩ ጫፍ ይቀዳል። ፊት ለፊቱ አንድ ልብስ ሰፊ ይኖራል። ሲተላለፉ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤና እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ልጅህ እንዴት ናት፤ ከዚያ ሁለቱም በራቸውን ይዘጋሉ። የሰላምታው ርዝመት ሰውየውን መጀመሪያ ደስ አሰኝቶት ነበር። ኋላ ላይ ጥያቄው መልስ እንደማይጠብቅ ገባው። የሚናፍቀው አገር ከመሄዱ በፊት የነበረው ነበር፤ ያ አገር ደግሞ የትም አልነበረም።

ልጁ በአንድ የጥናት ቢሮ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ የምታስሞላ ሠራተኛ ናት። የምትኖረው አክስቷ በነበረችበት ቤት ነው፤ እሱን የምትጠይቀው እሑድ እሑድ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዛ መጣች። ወንበሩ አንድ ስለሆነ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር።»

«እሺ፣ አማክሪኝ።»

«ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያ ነው። እርስዎ የነበሩበት ከተማ። ውሉ አምስት ዓመት ነው፤ እስከ ዓርብ ድረስ መልስ ስጪ ብለውኛል።»

የሻይ ብርጭቆውን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ደብተሩን ገለጠች። ገጹ መሐል ለመሐል በማስመሪያ ተከፍሏል፤ በአንደኛው ወገን «እዚያ»፣ በሌላው «እዚህ» ተጽፎበታል። «የሁለቱን አገር ኑሮ የሚያወዳድረውን ሰንጠረዥ ቢሮ ውስጥ አንብቤዋለሁ» አለችው። «ቁጥሩ እነሱ ይበልጣሉ ነው የሚለው። ቁጥሩ ግን እዚያ ኖሮ አያውቅም፤ እርስዎ ኖረዋል። ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ነገር ጠይቃው አታውቅም ነበር። አሁን ሕይወቷን ጠየቀችው።

«መብራት?»

«እዚያ ሻማ የሚሸጥበትን ሱቅ ለማግኘት ሁለት ሰፈር መሄድ አለብሽ።»

ጻፈች። «ሐኪም ቤት?»

«ወረፋ አለ። ግን የእነሱ ወረፋ ይሄዳል። የእኛ ይቆማል።»

«ደመወዝ?»

«በዳቦ ልንገርሽ። ስሄድ የእነሱም የእኛም የቀን ሥራ ሃያ ዳቦ አይሞላም ነበር። የእኛ አሁንም አይሞላም። የእነሱ ስመጣ አርባ ደርሷል።»

«ሴት ልጅ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ብቻዋን ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች። ማንም አይነካትም።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ማንም ደግሞ አያያትም።»

ይህንንም ጻፈች። አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። «ጎረቤት» ይላል።

ሰውየው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «አንድ ክረምት ታምሜ ነበር» አለ። «ትኩሳት። ከአልጋዬ ወርጄ ውሃ መቅዳት አልቻልኩም። ግድግዳውን ስደበድብ ጎረቤቴ የሚያደርገው ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ ነበር። አራት ቀን ወድቄ ማንም በሬን አላንኳኳም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «አራት ቀን?»

«አራት ቀን።»

ደብተሩን ከደነችው። «በቃ» አለች። «እንዲህ ያለ አገር ሄጄ ምን ልሆን? እቀራለሁ።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ችግሩ ታሪኩ አራተኛው ቀን ላይ አለማለቁ ነው፤ አምስተኛ ቀን ነበረው። አምስተኛውን ቀን ዋጠው። እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ በምድር ላይ ደስተኛው ሰው እሱ ሆነ። ማክሰኞ መብራት ጠፋ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ጠበቀ፤ ምንም አላለም። ካቦው ግንባሩን ሊዳስሰው ምንም አልቀረው፤ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

ረቡዕ ሰባተኛው ማሽን ተበላሸ። ሰውየው የጎን ክዳኑን ፈታና ገልብጦ መሬት አስቀመጠው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ጭረቶች አሉ። እዚያ ሳለ ልጁ በተወለደችበት ቀን በየዓመቱ በሞረድ የጫራቸው ናቸው። ያኔ የሚያጽናኑት ይመስሉት ነበር። አሁን ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ግን አፈረ። ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች እሷን ሳይጠይቅ ወሰነላት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጭረት ከፈለች። አሁን ደግሞ ራሷ መጥታ ጠየቀችው፤ ግማሹን ነግሮ ግማሹን ደበቃት። ቀበቶውን ቀየረ፣ ክዳኑን መልሶ አሰረ፣ ቁልፉን ግን ሦስት ጊዜ አጠበቀው፤ ሐሳቡ እዚያ አልነበረም።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ቢሮዋ ሄደ። ከዚያ በፊት ሄዶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ስታየው ደነገጠች።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ደህና ነኝ። ደብተርሽን አምጪው፤ አንድ መስመር ተሳስቷል።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ጥጥ የተጣበቀበትን ሱሪውን እያራገፈ ነገራት። «ክፍሉን ያከራየችኝ ሴት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። እስከዚያ ድረስ በሰባት ዓመት ውስጥ እንደምን አደርክ ብላኝ አታውቅም። በአምስተኛው ቀን በሩን በመጥረቢያ ሰብራ ገባች። ዐሥራ አንድ ቀን አስታመመችኝ። ሾርባ በማንኪያ አበላችኝ፣ ፊቴን አጠበችኝ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስድን የበሩን ዋጋ አስከፈለችኝ፤ ከዚያ በኋላም እንደምን አደርክ ብላኝ አታውቅም።»

ልጅቷ ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯ ላይ ተወችው። «ይኼን ለምን እሑድ አልነገሩኝም?»

«እንድትቀሪልኝ።»

እሷም ዓይኗን ደብተሩ ላይ ተክላ ቆየች። የመጠይቅ ሠራተኛ ናትና ባዶ የቀረ ሣጥን አያልፋትም። «የ‹እዚህ›ን ሳይሞሉልኝ ቀርተዋል» አለች። «እዚህስ? ታመው ያውቃሉ?»

ይህንን አልጠበቀውም። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ዋሽቷል። «ባለፈው ክረምት» አለ። «ወገቤ ተያዘና ከወለሉ መነሣት አቃተኝ። ሦስት ቀን።»

«ማን ደረሰልዎት?»

«ማንም። በሦስተኛው ቀን ራሱ ለቀቀኝ። ልብስ ሰፊው በአራተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ሲያገኘኝ ‹ምነው ጠፋህሳ!› አለኝ።»

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ሥራ ላይ ትሆኛለሽ ብዬ።»

መቼ እንደ ነበር አሰበች፤ ገባት። ያኔ ሁለት እሑድ በተከታታይ ሳትመጣ ቀርታ ነበር። አገጯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰውየው ፈጠን አለ። «ጻፊው እንግዲህ» አላት። «ጎረቤት፤ እዚያ አራት ቀን፣ እዚህ ሦስት ቀን። ይኸው፣ በአንድ ቀን እንበልጣቸዋለን!»

ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ወረደ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ ያምራል፤ ያን ጽሑፍ ያስተማራት ማን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም።

«ሂጂ» አላት። «የቀረው መስመር ሁሉ ወደዚያ ነው የሚያደላው። ይኼኛው ደግሞ እኩል ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ብቻዬን መኖር ሁለት አገር ኖሬ ተምሬያለሁ።»

ሄደች። መናኸሪያው ላይ አቅፋው «ራስዎን ይጠብቁ» አለችው። አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆመ፤ ከጠፋም በኋላ ቆመ፤ የመናኸሪያው ጠራጊ «አባት፣ እግርዎን ያንሡልኝ» እስክትለው ድረስ። ከዚያ በኋላ እሑድ ረዘመ። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም አሁንም አልጋው ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጠው። እሷ ማታ ማታ ትደውላለች፤ ደህና ነዎት? በሉ? ጠጡ? እሱም ደህና ነኝ ይላል። ጥያቄውም መልሱም ከልብስ ሰፊው ሰላምታ ብዙ አይለይም ነበር።

በሦስተኛው ወር መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። ስልኩ ሞተ። ፋብሪካውም ተዘግቶ ስለ ነበር ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ካልሲ ሲጠግን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ የጎረቤት በር መሰለው። የእሱን በር የሚያንኳኳ ሰው ስላልነበረ፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን በቡጢ ነበር።

ልብስ ሰፊው ነው። የሜትር ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስልክ ዘርግቶ ይዟል። «ልጅህ ናት» አለው እያለከለከ። «ከመሄዷ በፊት ቁጥሬን ወስዳ ነበር። በሩን ካልከፈተ ስበረው አለችኝ እኮ! መጥረቢያ ከየት አባቴ ላምጣ?»

ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። ሃሎ ለማለት ጊዜ አላገኘም።

«የት ነበርክ?» ጮኸችበት። ድምፅዋ እየተሰነጣጠቀ ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ! ለምን አታነሳም? ሞተህ መስሎኝ ነበር እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!»

ሰውየው በሩን ተደገፈ። ልብስ ሰፊው ፊቱን አይቶ ክፉ ወሬ መሰለውና ክንዱን ያዘው።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስልኩ ሞቶብኝ።»

«ሁለት ቀን? እኛ ጋ ሁለት ደቂቃ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፤ እንዴት ብዬ ልገምት!» ብላ በረዥሙ ተነፈሰች። «እኛ ጋ» ያለችው የትኛውን እንደ ሆነ እሱ ሰምቶታል፤ እሷ አልሰማችውም። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ፣ ተስተካከለ፣ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ፣ አባባ። ደንግጬ ነው የጮኽኩብዎት። አይቀየሙኝ፤ እርስዎ—»

«ተይ» አላት። «እባክሽ፣ እንደ ቅድሙ ተቆጪኝ።»

ገባት፤ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማት።

«ለምን አላነሳህም?» አለችው፣ በቀስታ።

መብራት ጠፍቶ እንደ ነበር እንደ አዲስ ነገራት።